በሩን እንዳትነካው

[የእንግሊዟ ግሪምዝቢ። የባሕሩ ነፋስ ባርኔጣ የማያስቀምጥበት ሰፈር፤ አንዲት ጠባብ ባለ አንድ ፎቅ ቤት። ኮሪደሩ ላይ ሁለት ሰዎች ከተዘጋው የፊት በር ፊት ለፊት ቆመዋል። አንደኛው ሴድሪክ ኦለርተን ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ባቡር ጣቢያ የሰዓት ሰሌዳ ሲያዘጋጅ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ በዕድሜው አንድም ቀን "አላውቅም" ሲል ያልተሰማ ሰው። ዘጠና አራት ገጽ የቤት ውል በብብቱ ይዟል። ሁለተኛው ዊልፍ ነው፤ የሴድሪክ ሚስት የኢኒድ ታናሽ ወንድም፣ ከነሱው ጋር የሚኖር የዓሣ ገበያ ሠራተኛ፤ ነገር ቶሎ የማይገባው፣ አንዴ ከገባው ደግሞ የማይወጣለት። በሩ ፊት አንድ ወንበር አለ። ወንበሩ ላይ በሴድሪክ የእጅ ጽሕፈት "አይነካም" የሚል ወረቀት ተለጥፏል።]

ሴድሪክ፦ እጅህን ሰብስብ!

ዊልፍ፦ ኧረ አልነካሁትም!

ሴድሪክ፦ ልትነካው ነበር። ጣትህ ስትሄድ በዓይኔ አይቻታለሁ።

ዊልፍ፦ አፍንጫዬን ልከክ ብዬ ነው።

ሴድሪክ፦ አፍንጫህን ወጥ ቤት ሄደህ እከክ። እዚህ ኮሪደር ውስጥ እጅ አይንቀሳቀስም!

ዊልፍ፦ እሺ፣ እሺ። እኔ እኮ የምለው... እህቴ ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ከሆስፒታል ትመጣለች።

ሴድሪክ፦ ለኔ ነው የምትነግረኝ? ሦስት ሳምንት ሙሉ ቀን ስቆጥር የከረምኩት ማነኝና?

ዊልፍ፦ አዲስ ዳሌ ተደርጎላታል።

ሴድሪክ፦ አውቃለሁ።

ዊልፍ፦ በክራንች ነው የምትሄደው።

ሴድሪክ፦ አውቃለሁ አልኩህ እኮ!

ዊልፍ፦ እና በበሩ ላስገባት ወይስ እሷም በመስኮት ናት?

[ሴድሪክ ውሉን ወደ ሌላው ብብቱ አዛወረ። ይህቺ ጥያቄ ከትናንት ጀምሮ እንቅልፍ ነስታዋለች። በሩ ከዝናቡ በኋላ አልከፈት ብሎ ከተጣበቀ ይኸው ሦስት ሳምንቱ ነው፤ ሴድሪክም ሦስት ሳምንት ሙሉ የሚወጣውም የሚገባውም በወጥ ቤቱ መስኮት ነው፤ አንድ እግሩን ሳህን ማጠቢያው ውስጥ፣ ሌላውን የጽጌረዳው እሾህ ላይ እያሳረፈ። እሱስ ለምዶታል። ሚስቱን በሳህን ማጠቢያ አሳልፎ ቤቷ ማስገባት ግን ሌላ ነገር ነው።]

ሴድሪክ፦ አንተ ነህ እንዴ የምታስገባት? በበሩ ነው የምትገባው! በሩን ደግሞ የሚያስከፍቱት እነሱ ናቸው። ደብዳቤያቸው ይኸው፤ "ተቆጣጣሪያችን ሐሙስ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ አመሻሹ አሥራ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ትደርሳለች።" ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ! እኔ ባቡር እንዲህ ብቀጥር ኖሮ ሕዝቡ ሐዲዱ ላይ ያስተኛኝ ነበር።

ዊልፍ፦ የማን ተቆጣጣሪ ናት?

ሴድሪክ፦ የማኅበሩ ነዋ። የቤት አቅራቢው።

ዊልፍ፦ ምን አቅርቦ?

ሴድሪክ፦ ቤት!

ዊልፍ፦ ቤቱን እኮ ስንመጣ እዚሁ ቆሞ ነው ያገኘነው። ያቀረበልን ሰው አላየሁም።

ሴድሪክ፦ ዊልፍ፣ ስማኝ። በእርጋታ ላስረዳህ። ይህ ቤት መቶ ነው እንበል።

ዊልፍ፦ አንድ ነው።

ሴድሪክ፦ እንበል አልኩ! ከመቶው አርባው የኔና የኢኒድ ነው። ስድሳው የማኅበሩ ነው። ተከራይ አይደለንም፤ ባለ ድርሻ ነን።

ዊልፍ፦ እሱንማ አውቃለሁ። እጠነቀቃለሁ እኮ።

ሴድሪክ፦ ምኑን ነው የምትጠነቀቀው?

ዊልፍ፦ ደረጃው አሥር እርከን ነው አይደል? እስከ አራተኛው በጫማዬ እወጣለሁ። ከዚያ ወዲያ አወልቃለሁ።

ሴድሪክ፦ ለምን?

ዊልፍ፦ የሰው ነዋ!

[ሴድሪክ ዓይኑን ጨፈነ። ባለፉት ሁለት ዓመታት ደረጃው ላይ ስንት ጊዜ ተደናቅፎ እንደወደቀ አንድ በአንድ ታወሰው።]

ሴድሪክ፦ አምስተኛው እርከን ላይ የሚገተረው ያ የዓሣ ቦቲ ጫማ...

ዊልፍ፦ አራተኛው ላይ ነው የማስቀምጠው። አምስተኛው ላይማ በምን አንጀቴ!

ሴድሪክ፦ አንተ ሰውዬ! ድርሻ ሌላ ነው፣ ጥገና ሌላ ነው። የጥገናው ኃላፊነት የሚለየው በውስጥና በውጭ ነው። የቤቱ ውጭና አጥንቱ የነሱ፤ ውስጡ የኛ። ግድግዳው ብትል፣ ጡቡ የነሱ፣ ልስኑ የኛ። መስኮቱ ብትል፣ ክፈፉ የነሱ፣ መስታወቱ የኛ።

ዊልፍ፦ መሃል ላይ ያለው ማጣበቂያስ?

ሴድሪክ፦ [ገጽ ገለጠ፤ ሌላ ገጽ ገለጠ] እሱን... በደብዳቤ ጠይቄያለሁ። ሁለት ዓመት ሆነው።

ዊልፍ፦ ነፋሱ የሚገባው እኮ በሱ በኩል ነው።

ሴድሪክ፦ ነፋሱም የማን እንደሆነ ጠይቄያለሁ።

ዊልፍ፦ ምን አሉ?

ሴድሪክ፦ "ጥያቄዎ ደርሶናል፣ በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ ምላሽ እንሰጣለን።" የትኞቹ አምስት እንደሆኑ ግን አልተናገሩም። ለማንኛውም በሩ ግልጽ ነው። የፊት በር ውጭ ነው፤ ውጭ የነሱ ነው።

ዊልፍ፦ ይኸኛው ፊቱስ? እኛን የሚያየን?

ሴድሪክ፦ የዚህኛው ፊት ቀለሙ የኛ ነው። ቀለሙ ብቻ። ከቀለሙ ሥር ያለው እንጨት የነሱ።

ዊልፍ፦ ሲከፈትስ?

ሴድሪክ፦ ሲከፈት ምን ይሆናል?

ዊልፍ፦ በሩ ሲከፈት ወደ ውስጥ ነው የሚዞረው። ያን ጊዜ የውጭው ፊት ቤት ውስጥ ገባ ማለት ነው። ያኔስ የማነው?

[ሴድሪክ የውሉን ገጾች አገላበጠ። ዘጠና አራት ገጽ ሲያነብ ይህ እንዴት አላሳሰበውም? እንዲህ ያለ ጥያቄ ከዊልፍ አፍ መውጣቱ ደግሞ የባሰ አናደደው።]

ሴድሪክ፦ ለዚህ ነው በር ዝግ መሆን ያለበት!

ዊልፍ፦ አሃ። አሁን ገባኝ።

ሴድሪክ፦ ገባህ? ምንህ ነው የገባው?

ዊልፍ፦ ስወጣም ስገባም ቶሎ እዘጋዋለሁ።

ሴድሪክ፦ አዎ፣ መስኮቱን ቶሎ ዝጋ። የጎረቤት ድመት ትገባለች።

ዊልፍ፦ [ግራ ገብቶት] መስኮቱንም?

ሴድሪክ፦ ሁሉንም!

ዊልፍ፦ እሺ። እኔ የምልህ ግን አማቼ፣ አንድ ሰው ካቻቢቴ ይዞ እዚያች ማጠፊያ ላይ ያለችውን ብሎን ጠበቅ ቢያደርጋትና ጠርዙን ሻማ ቢቀባው...

ሴድሪክ፦ አሸንዳውን ረሳኸው?

ዊልፍ፦ የትኛውን አሸንዳ?

ሴድሪክ፦ ስንት አሸንዳ አለን? አምና ጣሪያው ላይ ያለው አሸንዳ ተገንጥሎ ሲንጠለጠል አምስት ወር ሙሉ ጻፍኩላቸው። አምስት ወር! ኢኒድ "አናቴ ላይ ሊወርድ ነው" ስትለኝ ጊዜ መሰላል አቆምኩና በሽቦ አሰርኩት። በሳምንቱ ምን መጣ?

ዊልፍ፦ ዝናብ።

ሴድሪክ፦ ደብዳቤ! "ባለ ድርሻው አሸንዳውን በገዛ እጁ የነካካው ስለሆነ፣ ከዛሬ ጀምሮ የአሸንዳው ኃላፊነት የባለ ድርሻው ነው።"

ዊልፍ፦ ማን ነገራቸው?

ሴድሪክ፦ [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] እኔ።

ዊልፍ፦ አንተ?

ሴድሪክ፦ "ችግሩ በእኔ በኩል ስለተፈታ እንዳትቸገሩ፤ ስላስቸገርኳችሁም ይቅርታ" ብዬ ጻፍኩላቸው። ታዲያ ሰዎቹን ዝም ብዬ ላስጠብቃቸው? ጨዋነቴ ነው ጉድ የሠራኝ! ያን ቀን ነው የዚህ ውል ምስጢር የተገለጠልኝ። ዘጠና አራት ገጹ ሲጨመቅ ሁለት ቃል ነው፤ የነካ ወሰደ!

ዊልፍ፦ የነካ ሁሉ?

ሴድሪክ፦ የነካ ሁሉ።

ዊልፍ፦ ባለ ድርሻ ባይሆንም?

ሴድሪክ፦ የእንግሊዝ ንጉሥ ቢሆንም! ነካው ማለት ወሰደው ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ለዘላለም የሱ ነው።

ዊልፍ፦ ለዘላለም? [በሩን በፍቅር ዓይን አየው] ጥሩ ሕግ ነው።

ሴድሪክ፦ ምኑ ነው ጥሩ? ለዚህ እኮ ነው እኔ ይህን በር ሦስት ሳምንት ሙሉ በትንሽ ጣቴ እንኳ ያልነካሁት!

ዊልፍ፦ አይቼሃለሁ። በጣም ነው ያከበርኩህ።

ሴድሪክ፦ [ደስ አለው፤ እንዲህ ብሎት አያውቅም] ይኸውልህ፣ አስተዋይ ስትሆን ትችላለህ። በየጠዋቱም ፎቶ አነሳዋለሁ። ሃያ አንድ ፎቶ። በሃያ አንዱም ላይ በሩ እንደተዘጋ ነው። ማስረጃ ይሉሃል ይህ ነው። ወንበሩም ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

ዊልፍ፦ ወንበሩንማ ሁልጊዜ ወደ ቦታው እመልሰዋለሁ።

ሴድሪክ፦ ድመቷ ታንቀሳቅሰዋለች እንዴ?

ዊልፍ፦ ድመቷ? እሷ እንኳ የምትችለው አይመስለኝም።

[ሴድሪክ መልሱን አልሰማውም። ዓይኑ ኮሪደሩ ጥግ ላይ ባረፈች ነገር ላይ ተተክሏል። የዊልፍ ብስክሌት ናት፤ ከነቅርጫቷ፣ ከነዓሣ ሽታዋ።]

ሴድሪክ፦ ይህቺ ብስክሌት እዚህ ምን ትሠራለች?

ዊልፍ፦ ውጭ ዝናብ ስለሆነ ነው።

ሴድሪክ፦ በወጥ ቤቱ መስኮት ነው ያስገባሃት?

ዊልፍ፦ በወጥ ቤቱ መስኮት ብስክሌት ይገባል እንዴ?

ሴድሪክ፦ እኔም የምጠይቅህ እሱን ነው!

ዊልፍ፦ አይገባም። እጀታዋ ሰፊ ነው።

ሴድሪክ፦ ታዲያ እንዴት... [ሰዓቱን አየ] ኧረ ሰባት ተኩል ሆኗል! ከአንተ ጋር ስለ ብስክሌት ስዳረቅ ሚስቴ ልትደርስ ነው! ተቆጣጣሪዋ የለችም! ዊልፍ፣ ሁለተኛውን ዕቅድ ማዘጋጀት አለብን።

ዊልፍ፦ አንደኛው የትኛው ነበር?

ሴድሪክ፦ መጠበቅ።

[ወደ ወጥ ቤት ገቡ። ሴድሪክ የካውያ ጠረጴዛውን ከሳህን ማጠቢያው እስከ ወለሉ አዘንብሎ አስደገፈው። ላዩ ላይ የኢኒድን የሚያምር ባለ አበባ ብርድ ልብስ አነጠፈ። ከዚያ ሁለት መጥረጊያ አመጣና ለዊልፍ ሰጠው።]

ዊልፍ፦ ልጥረግ?

ሴድሪክ፦ ክራንች ናቸው። አንተ አሁን ኢኒድ ነህ። መስኮቱ ላይ ውጣና በካውያው ጠረጴዛ ላይ ተንሸራትተህ ውረድ። ልምምድ ነው።

ዊልፍ፦ አሃ! ሐኪሙ ለሷም አዘዘላት?

ሴድሪክ፦ የምን ሐኪም?

ዊልፍ፦ አንተን "ሚስተር ኦለርተን፣ ሆድ እያወጡ ነው፣ ሰውነትዎን ያንቀሳቅሱ" ያለህ ሐኪም። እሷም ዳሌዋ አዲስ ስለሆነ እንዲፍታታ...

ሴድሪክ፦ ዝም ብለህ ውጣ!

[ዊልፍ በሁለት መጥረጊያ እያነከሰ መስኮቱ ላይ ወጣ።]

ዊልፍ፦ [ድምፁን አቅጥኖ እንደ ኢኒድ] ሴድሪክ! ሻይ አፍልተሃል ወይ?

ሴድሪክ፦ [ሳያስበው] አፍልቻለሁ የኔ እመቤት። ወተቱን መጀመሪያ አድርጌዋለሁ፣ እንደምትወጂው።

ዊልፍ፦ [እንደ ኢኒድ] እንዴት ከረምክ?

[ሴድሪክ መጥረጊያውን፣ ዊልፍን፣ የጎማ ጓንቲ የተሰቀለበትን መስኮት አየ። ሆስፒታል በየቀኑ እየሄደ አልጋዋ አጠገብ ሲቀመጥ "ቤት ሰላም ነው፣ ሁሉም ሰላም ነው" እያለ ነው የከረመው፤ የበሩን ነገር ትንፍሽ አላለላትም።]

ሴድሪክ፦ እንዴት እከርማለሁ? ቤቱ ጭር ብሎብኛል። ማታ ማታ ለሁለት ሰው እቀዳና አንዱን ብርጭቆ ሲቀዘቅዝ እደፋዋለሁ። ብቻዬን...

ዊልፍ፦ [በራሱ ድምፅ] እኔ ነበርኩ እኮ።

ሴድሪክ፦ አንተ አትቆጠርም። ተንሸራተት!

[ዊልፍ ተንሸራተተ። የካውያው ጠረጴዛ ተንቋቋ፣ ተጣጠፈ፣ ዊልፍን ከነብርድ ልብሱ ከነመጥረጊያው ጠቅልሎ ከማቀዝቀዣው ሥር አስቀመጠው።]

ሴድሪክ፦ ኢኒድ... ዊልፍ? ደህና ነህ?

ዊልፍ፦ [ከብርድ ልብሱ ውስጥ] እኔ ደህና ነኝ። እህቴ ግን ሌላ ዳሌ ሊያስፈልጋት ነው።

[በዚህ መሃል ከኮሪደሩ "ጠብ" የሚል ድምፅ ተሰማ። ሁለቱም ሮጡ። ከፊት በሩ የደብዳቤ ቀዳዳ አንዲት ካርድ ገብታ ወለሉ ላይ ወድቃለች። ሴድሪክ አነሳት፤ ጮክ ብሎ አነበበ።]

ሴድሪክ፦ "ውድ ባለ ድርሻ፤ በቀጠሯችን መሠረት ዛሬ መጥተን ነበር፤ ነገር ግን በሩን የሚከፍትልን ሰው አላገኘንም። ስለሆነም 'በሩ አይከፈትም' በሚል ያቀረቡት አቤቱታ ተዘግቷል።"

ዊልፍ፦ አቤቱታውም ተዘጋ?

ሴድሪክ፦ አላንኳኳችም! አንኳኩታለች? ሰምተሃል?

ዊልፍ፦ አልሰማሁም።

ሴድሪክ፦ ለምን አታንኳኳም? ምን አለበት ሰው ቢያንኳኳ?

ዊልፍ፦ ምናልባት እሷም ውሉን አንብባው ይሆናላ። ካንኳኳች ነካች፣ ከነካች ወሰደች።

[ሴድሪክ ተንበርክኮ አፉን ወደ ደብዳቤው ቀዳዳ አስጠጋ፤ ከንፈሩ ግን እንጨቱን እንዳይነካ አንድ ጣት ያህል ርቋል።]

ሴድሪክ፦ እመቤት! ይቅርታ እመቤት! አለን! እዚህ ነን! ላስቸግርዎ ፈልጌ አይደለም!

[ከውጭ የመኪና ሞተር ተነሣ።]

ዊልፍ፦ ሮጬ ልድረስባት? እኔ ብወጣ ይቀርበኛል።

ሴድሪክ፦ ምኑ ነው የሚቀርብህ? ደግሞ አንተ ደርሰህ ምን ልትላት ነው? "ቤቱ አንድ ነው" ልትላት? ራሴ እሄዳለሁ!

[ውሉን በጥርሱ ነክሶ ወደ ወጥ ቤት ሮጠ። አንድ እግር ሳህን ማጠቢያው ውስጥ፣ አንድ እግር እሾሁ ላይ። ሱሪው ከኋላ ሲቀደድ ሰማው፤ አልቆመም። በቤቱ ጎን ዞሮ ፊት ለፊት ሲደርስ የተቆጣጣሪዋ መኪና መታጠፊያው ጋ ጅራቷን አሳየችውና ጠፋች። በእሷ ቦታ የሆስፒታሉ መኪና ቆሟል። ሾፌሩ ሻንጣ አውርዶ፣ ባርኔጣውን ነቅንቆ ሄደ። የአትክልቱ በር ላይ ኢኒድ በሁለት ክራንች ተደግፋ ቆማለች፤ ጸጉሯን ነፋሱ እየተጫወተበት፣ ካፊያው ፊቷን እያራሰው።]

ኢኒድ፦ ሴድሪክ?

ሴድሪክ፦ [ውሉን ከአፉ አውጥቶ] ኢኒድ! እንኳን ደህና መጣሽ የኔ እመቤት!

ኢኒድ፦ እንኳን ደህና ቆየኸኝ። ለምንድነው ወረቀት የምትበላው? ሱሪህስ?

ሴድሪክ፦ አሁን እንዳትደነግጪ። እዚሁ ትንሽ ቁሚ። አንድ የካውያ ጠረጴዛ አለ፤ በገመድ አጠብቀዋለሁ። ዊልፍ ከላይ ይስብሻል፣ እኔ ከታች...

ኢኒድ፦ ምን ልታደርጉኝ ነው?

ሴድሪክ፦ በመስኮት ልናስገባሽ።

ኢኒድ፦ ሴድሪክ ኦለርተን! አጥንቴን ሰንጥቀው ብረት አስገብተው ሰፍተውኛል። ሦስት ሳምንት የሰው ጣሪያ ሳይ ከርሜ የናፈቀኝ አንድ ነገር ነው፤ በገዛ ቤቴ በር ገብቼ በገዛ ወንበሬ መቀመጥ። በመስኮት?

ሴድሪክ፦ [ዓይኑ እንባ አቀረረ] እንዳይከፋሽ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ። በሩ ሦስት ሳምንት ሆነው ከተዘጋ። አይከፈትም። እነሱ እንጂ እኛ መንካት አንችልም። ተቆጣጣሪዋም አሁን... አሁን አመለጠችኝ። አንቺን ውጭ አቆምኩሽ። እኔ ነኝ ጥፋተኛው፣ ሁሉን አውቃለሁ ባዩ!

[በሩ ተከፈተ።]

[እንዲሁ ነው የተከፈተው፤ ያለ ድምፅ፣ ያለ ግፊያ፣ ቅቤ እንደተቀባ። ዊልፍ አንድ እጁን እጀታው ላይ አድርጎ፣ በሌላው ወንበሩን አንጠልጥሎ ደፉ ላይ ቆሟል።]

ዊልፍ፦ ግቢ እህቴ፣ ብርድ ይመታሻል። ሻዩ ሊቀዘቅዝ ነው።

[ሴድሪክ ወደ በሩ አየ። ወደ ዊልፍ እጅ አየ።]

ሴድሪክ፦ ነ... ነካኸው!

ዊልፍ፦ አዎ።

ሴድሪክ፦ አሁን?

ዊልፍ፦ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። አንተ ወንበሩን አስቀምጠህ የተኛህ ዕለት፣ ንጋት ላይ ወደ ሥራ ስወጣ። ብሎኗን አጠበቅኳት፣ ጠርዙን ሻማ ቀባሁት። ሁለት ደቂቃም አልፈጀ።

ሴድሪክ፦ ሦስት ሳምንት ሙሉ በዚህ በር ስትወጣ ስትገባ ነበር?

ዊልፍ፦ አንተ ስትተኛ እወጣለሁ፣ አንተ እህቴን ልትጠይቅ ስትወጣ እገባለሁ። ታዲያ ብስክሌቷን በየት ላስገባት?

ሴድሪክ፦ ለምንድነው ታዲያ ያልነገርከኝ!

ዊልፍ፦ ምን ብዬ? ራስህ አይደለህ "የነካ ወሰደ" እያልክ ስትዞር የከረምከው? ነካሁት፣ ወሰድኩት፣ የኔ ሆነ። አንተ በመስኮት ስትወጣ ሳይ "አቤት ጨዋነት! በሰው በር ላለመግባት ብሎ ነው" አልኩ። በበሬ እለፍ እንዳልልህ ደግሞ፣ ለካ ለሆድህም ሐኪም ያዘዘልህ ነው ብዬ ተውኩህ።

ኢኒድ፦ እኔንም እኮ በየጠዋቱ እየመጣ "ሴድሪክ ሐኪሙን ሰምቷል፤ በየቀኑ በመስኮት ስፖርት ይሠራል" ሲለኝ ነበር። ደስ ብሎኝ ለነርሶቹ ሁሉ አወራሁልህ!

ሴድሪክ፦ ለነርሶቹ?

ኢኒድ፦ አጨበጨቡልህ። [አንድ ክራንች አስቀደመች፣ ከዚያ ሌላውን፣ ደፉን አለፈች፤ ቆማ ኮሪደሩን አየችና ትንፋሿን በረጅሙ ለቀቀች] እፎይ! ቤቴ! ዊልፍ፣ ክንድህን ስጠኝ። ይህ ጫማ ደረጃው ላይ ምን ይሠራል?

ዊልፍ፦ ድንበር ነው እህቴ። ቀስ ብዬ አስረዳሻለሁ።

[ሁለቱ ተያይዘው ወደ ውስጥ ዘለቁ። የባሕሩ ነፋስ መጣና በሩን ገፍቶ ዘጋው። ሴድሪክ በካፊያው ውስጥ፣ በተቀደደ ሱሪ፣ በር ላይ ቀረ። እጁን ወደ እጀታው ሰደደ፤ አጠገቡ ሲደርስ አቆመው። ወደ ቤቱ ጎን፣ ወደ ወጥ ቤቱ መስኮት ዞር አለ። መልሶ በሩን አየ። ከውስጥ የብርጭቆ ድምፅና የሚስቱ ሳቅ ይሰማል። ሦስት ሳምንት ያልሰማው ሳቅ ነው፤ በእሱ ላይ የሚሳቅ ቢሆንም ደስ አለው።]

ሴድሪክ፦ [ጮክ ብሎ] ኢኒድ! ልግባ?

ኢኒድ፦ [ከውስጥ] አንኳኳ እንጂ! የሰው በር እኮ ነው!

[ሴድሪክ ትንሽ አሰበ። ዘጠና አራት ገጹን ጠቀለለና በጥቅሉ ጫፍ ሦስት ጊዜ መታ።]

ዊልፍ፦ [ከበሩ ጀርባ] ማነው?

ሴድሪክ፦ እኔ ነኝ።

ዊልፍ፦ በምንህ ነው ያንኳኳኸው? በእጅህ ነክተኸው እንዳይሆን!

ሴድሪክ፦ በውሉ ነው።

[በሩ ተከፈተ። ዊልፍ የራሰውን ጥቅል ወረቀት ከላይ እስከ ታች በአድናቆት አየው።]

ዊልፍ፦ ለካ ይጠቅማል!